ፀሐይ ያላቀለጠችው ቅቤ

መዋሸት የጀመርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አልዋሸሁም ማለቴ አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴን ዋሽቻለሁ፣ አንዳንዴም ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና። በንግዴ ግን ዋሽቼ አላውቅም። በንግዴ መዋሸትን ያስተማረኝ ውሸታሞችን ለማጥፋት የወጣ መመሪያ ነው። ይህን ሳስበው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «እማዬ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ተዪው» ይሉኛል። እተወዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ልጻፈው።

ቅቤ ሻጭ ነበርኩ። ሱቅም መደብም አልነበረኝም፤ እየዞርኩ ነበር የምሸጠው። ቅቤውን የማመጣው ከደብረ ሲና በላይ ካሉት ደገኞች ነው። የትኛዋ ላሟን ምን እንደምታበላ፣ የትኛዋ ቸኩላ እርጎው ሳይደርስ እንደምትንጥ፣ የማን እጅ ውኃውን ከቅቤው አጥቦ እንደሚያወጣ አንድ በአንድ አውቃለሁ። ቅቤውን እያድቦለቦልኩ በእርጥብ ኮባ እጠቀልልና በቅርጫት ደርድሬ፣ የጭነት መኪና ለምኜ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ቀወት እህቴ ቤት አድራለሁ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ በእግሬ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተማ።

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አይቀልድም። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ቅቤ ቅቤ መሆኑን ይረሳል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቅርጫቴ ባዶ መሆን አለበት። ቤት ለቤት መዞሬ ሥራ ፈት ሆኜ ወይም የሰው ጓዳ ማየት ወድጄ አልነበረም። ያዞረኝ ቅቤው ነው። ገበያ ተቀምጬ ገዢ ልጠብቅ ብል የምሸጠው በኮባ የተጠቀለለ ውኃ ነው።

አንድ ደንብ ነበረኝ። አዲስ ደንበኛ ስትገጥመኝ የዚያን ቀን ገንዘብ አልቀበልም። «ውሰጂና አንጥሪው። ሽታውን እዪ፣ ዝቃጩን እዪ፣ ስመለስ ትነግሪኛለሽ» እላታለሁ። ካልወደደችው እሷም አትከፍልም፣ እኔም አልቀየምም። ይህን ከእናቴ ነው የወረስኩት፣ እናቴም ከእናቷ። እናቴ «ቅቤ በእጅ ላይ ይዋሻል፣ በእሳት ላይ ግን ይናዘዛል» ትል ነበር። እውነቷን ነው። በሦስተኛው ጉዞዬ ሴትየዋ ከፍታ እንኳ አታይም። በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ቅቤውን አስቀምጬ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ዘመተ የሚለውን ሰምቼ እሄዳለሁ። ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ሠራሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ነው።

አጭበርባሪዎቹ የመጡት ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ባልና ሚስት ነን ይላሉ፤ ይሁኑ አይሁኑ እግዜር ይወቅ። ቅቤያቸው ከላይ የሚያበራ፣ ቢጫ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ልቡ ግን ሞራ ነው። የከብት ሞራ አቅልጠው፣ አርግተው፣ ላዩን በጣት ውፍረት እውነተኛ ቅቤ ቀብተውታል። በአንድ ጠዋት ግማሹን ከተማ አዳርሰው በካራቆሬ በኩል ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ከተታለሉት አንዷ በአውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ሆቴል የነበራት ደንበኛዬ ነበረች። ሾፌሮች ወጡን አንድ ጊዜ ቀምሰው «እትዬ፣ ዛሬ ሻማ ነው እንዴ የሠራሽልን?» አሏት። በእኔም ላይ አኮረፈች።

«አንቺ ቀርተሽብኝ እኮ ነው ከነሱ የገዛሁት» አለችኝ።

«ልጄ ታሞብኝ ነው የቀረሁት» አልኳት።

«ልጅሽን ይማርልሽ። የኔን ሾፌሮች ግን ማን ይማራቸው?»

ያን የሞራ ቅቤ አልጣለችውም። ማስረጃ ነው ብላ በጣሳ ከድና አስቀመጠችው። ይኼ ጣሳ ኋላ ይመጣል።

እኔም በእነዚያ ሰዎች ተናድጄ ነበር፣ ከማንም በላይ። የሰው ስም የሚገነባው በሃያ ዓመት ነው፣ እነሱ በአንድ ጠዋት የሁላችንንም አበላሹት። ሕግ ይውጣ ቢባል እኔ ነበርኩ ቀድሜ የማጨበጭብ። ሕጉ ወጣ። ማለቴ፣ ረቂቁ።

ያን ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት እማር ነበር። ፊደል ለይቼ፣ ቃል መግጠም የጀመርኩበት ሰሞን ነው። ከትምህርት ስወጣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሌሎቹ አልፈው ሄዱ። እኔ ያየሁትን ሁሉ ማንበብ የሚያምረኝ ጊዜ ስለነበር ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ ገጣጠምኩት። «ቤት ለቤት እየዞረ ሸቀጥ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው» ይላል። ደስ አለኝ፤ ስለ እኔ ነው የተጻፈው ማለት ነው። ቀጠልኩ። ቀጣዩ ቃል ረጅም ነበር፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። «አጭበርባሪ» ነው የሚለው። ቤት ለቤት እየዞረ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው አጭበርባሪ ተብሎ ይገመታል።

ምነው ባልተማርኩ የሚያሰኝ ነገር ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ ለራሴ ያነበብኩት ነገር ስድብ ሆነ፤ ያውም የተሰደብኩት ራሴ።

የቀረውን የቀበሌው ሊቀ መንበር አነበበልኝ። ቅቤ የሚሸጥ ሁሉ በገበያ ቀን፣ ገበያው ውስጥ በተሰጠው ቦታ ላይ ይቀመጣል። መርማሪ መጥቶ ያያል፤ ጥሩ ከሆነ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፣ መጥፎ ከሆነ ይወረሳል። ምርመራው የሚጀምረው አራት ሰዓት ነው። ቤት ለቤት ሲዞር የተገኘ ይታሰራል። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የባሌን ኮት ጠግኗል።

«አራት ሰዓት ላይ ቅቤ የለም እኮ» አልኩት። «አራት ሰዓት ላይ ያለው ዘይት ነው።»

«እትዬ፣ ረቂቅ ነው። ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል ተብሏል። እሑድ መጥተሽ ተናገሪ።»

ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል መባሉን አመንኩ። እሑድ ስመጣ ቅርጫቴን ይዤ መጣሁ፤ ሆቴል ያላትን ደንበኛዬንም ጣሳዋን አስይዤ።

መመሪያውን ሊያስረዳ የመጣው ካድሬ ከኛ አገር አልነበረም። ወጣት ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ ልጅ እኩያ ቢሆን ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። ስለ አሻጥረኛ ነጋዴ፣ ስለ ሕዝብ ጠላት፣ ስለ ስግብግብ ብዙ ተናገረ። ከዚያ «አስተያየት ካለ» አለ። እጄን አነሳሁ።

«ጓድ፣ ያሰብሽውን በአጭሩ» አለኝ። አንቺ አለኝ። እናቱን ምን እንደሚላት እንጃ።

ተናገርኩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጠዋቱ፣ ሴቶቹ አንጥረው እያዩ እንደሚቀበሉኝ ተናገርኩ። «አጭበርባሪ እኮ ተመልሶ አይመጣም» አልኩ። «እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ። ያታለልኳት ሴት ቤቴን ታውቀዋለች፣ እህቴን ታውቃታለች። ሌባውን ከፈለጋችሁ ተመልሶ የማይመጣውን ፈልጉ።»

ከኋላ ያሉ ሴቶች አጨበጨቡ። ካድሬው እስኪያበቁ ጠበቀ።

«ስሜትሽ ይገባኛል። ነገር ግን ገበያው ላይ በግልጽ ሲሆን ማንም ያያል። ጥሩ ቅቤ ደግሞ በቀላሉ ይታወቃል። ጠንካራ ነው፣ ቅርጹን ይይዛል። የተቀላቀለበት ነው የሚልፈሰፈሰው።»

ይህን ያለው ሰው ደገኛ ነበር፣ የብርድ አገር ሰው። በአገሩ እውነቱን ነው፤ በአገሩ ቅቤ ድንጋይ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ የእናቱን ጓዳ ነበር የሚያወራልን። የኔ ደንበኛ ግን መታገሥ አልቻለችም።

«ጓድ» አለች ብድግ ብላ፣ «እንግዲያውስ ይኼ የኔ ጣሳ የከተማውን ምርጥ ቅቤ ይዟል።»

ሰው ሳቀ። ካድሬው አልገባውም። እኔም ወጥተን በፀሐይ እንየው አልኩ። ሊቀ መንበሩ ካድሬውን አየት አደረገውና «ምን ይጎዳል፣ እንየው» አለ። ሁላችንም ወደ ግቢው ወጣን። ሰዓቱ ወደ ስድስት ይጠጋል፤ የኔ ቅቤ በእርጥብ ኮባና በአዳራሹ ጥላ እስከዚያ ተርፏል። ሁለት የድስት ክዳን ገልብጠን አስቀመጥን፤ በአንዱ የጣሳው፣ በሌላው የኔ። ጥላ ያገኘ ጥላ ገባ፣ ያላገኘ ነጠላውን ደረበ፤ ሁሉም ክዳኖቹን ያያል። ወሬ ሳያልቅ የኔው ጎኑ ወዛ፣ ረገበ፣ ከዚያም ተኛ። የጣሳው እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ።

«የቱ ነው የተጭበረበረው?» አለ ሊቀ መንበሩ። ሊረዳኝ ፈልጎ መሰለኝ።

ካድሬው ጎንበስ ብሎ አየ። በእርሳሱም ነካካ። ከዚያ በክዳን ላይ የተኛውን፣ የኔን፣ አመለከተ።

ደንበኛዬ ሁለቱንም ይዛ ወደ ቀበሌው ማድ ቤት ሄደች። ሰው ሁሉ ተከተላት። የኔን ስታነጥረው ያ የምታውቁት ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሁለት ሴቶች «አቤት ሽታው» አሉ። የጣሳውን ስታቀልጠው ሰው አፍንጫውን ያዘ። የታረደ በሬ ገበያ ውሎ ቤት የገባ ያህል ነበር።

ካድሬው ፊቱ ቀላ። ጥፋቱን ያመነ መስሎኝ ነበር። ያለው ግን ይኼን ነው፣ አንድም አልረሳሁትም፦ «አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።» ተያዘ። ኋላ ሊቀ መንበሩ ሲያነብልኝ አንዲት ጓድ ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር ይላል። በቃ። ፀሐዩ የለም፣ ሞራው የለም፣ ሽታው የለም። መመሪያውም አንድ ፊደል ሳይለወጥ ጸደቀ።

«ከላይ የመጣ ነው፣ እትዬ» አለኝ ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት እያየ።

«ከላይ እኔም እመጣለሁ፣ ከደብረ ሲና» አልኩት። «እኔ ስወርድ ግን የሚቀልጠውን አውቃለሁ።»

እሺ፣ ልታዘዝ ብዬ በመጀመሪያው የገበያ ቀን በተሰጠኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ቁጥር ያለበት እንጨት ተተክሎልኛል፣ ጥላ ግን የለም። በሁለት ሰዓት ደንበኞቼ አጠገቤ መጥተው ቆሙ፤ ማኅተም ስለሌለው መሸጥ አልችልም። በሦስት ሰዓት ኮባውን ውኃ እረጭበት ጀመር። በአራት ሰዓት መርማሪው አልመጣም። በአራት ተኩል ሲመጣ ቅርጫቴ ሥር ያለው አፈር ወዝቷል። ኮባውን በጣቱ ገለጥ አደረገና «ዘይት የተቀላቀለበት» ብሎ ጻፈ። ከኔ በስተግራ ማንም የማያውቃት ሴት ተቀምጣለች፤ ቅቤዋ አምሮ፣ ጠንክሮ ቁጭ ብሏል። እሷ ማኅተም አገኘች። የሞራው ሽታ እስከኔ ድረስ ይመጣ ነበር።

የኔን ወሰዱትና ሕዝብ እያየ ከገበያው ጀርባ ካለው ቦይ ደፉት። የደጋ ሴቶች የአንድ ሳምንት ድካም። ውሾች ተጠራርተው መጡ፤ ድንጋዩን ሳይቀር ላሱት። ማኅተም ይኑረው አይኑረው አልጠየቁም።

በዚያ ወር ሁለተኛ አልሞከርኩም። እህቴ ቤት ተቀመጥኩ፤ ማሽላ ጠበቅሁ፣ ወፍ አባረርኩ። አንድ ቀን የሊቀ መንበሩ ልጅ ወለደች የሚል ወሬ መጣ። አራስ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ያችን ልጅ ሕፃን ሆና በእጄ አቅፌአታለሁ። ወደ ደብረ ሲና ወጥቼ አምስት ድቡል ለጋ ቅቤ ይዤ ወረድኩ፣ ለገንፎዋ። መመሪያው ከወጣ ወዲህ በከተማው መግቢያ ኬላ ቆሞ ነበርና ዘቡ አስቆመኝ።

«እማማ፣ ምን ይዘዋል?»

«ቅቤ። አራስ ልጠይቅ።»

«የማንን?»

ነገርኩት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ» ብሎ አሳለፈኝ። እውነት ነበር። ያ የመጨረሻው እውነቴ ነው።

ሆቴል ያላት ደንበኛዬ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ታዲያ መመሪያው አራስ መጠየቅ አይከለክልም» አለች።

«አንቺ አልወለድሽ» አልኳት። «ስድሳ ልትሞዪ ነው።»

«ሣራም በእርጅናዋ ወልዳለች። ነይ ብዬሻለሁ። ውሸቱ በነሱ ይሁን፣ ቅቤው ባንቺ።»

እንዲህ ተጀመረ። በየሳምንቱ በኬላው አልፋለሁ፣ በየሳምንቱም አራስ እጠይቃለሁ። አንዱን ሳምንት የሾፌሩ ሚስት ወለደች፣ በሚቀጥለው የአስተማሪው፣ ከዚያ ደግሞ መንታ። በየቤቱ ስደርስ ሴቶቹ ልባቸው እስኪፈርስ ይስቃሉ፤ ወንድ ነው ሴት እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፣ አልደብቅም። ግን ስመለስ፣ ብቻዬን በአሸዋው መንገድ ስሄድ፣ ሳቁ ከአፌ ይጠፋና የሚመር ነገር ይቀራል። ሃያ ዓመት ቅቤዬን በእሳት እያስመሰከርኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን በየሳምንቱ ያልተፀነሰ ልጅ እየወለድኩ፣ የማርያምን ስም እየጠራሁ ነው የምገባው። ዘቡም ያውቃል፣ እኔም ማወቁን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ቅርጫቱን እንኳ ሳይከፍት «እማማ» አለኝ፣ «ይህች ከተማ ወንዶቿም ይወልዳሉ እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

ሳቀና «እናቴ እዚህ ከሰፈሩ ጀርባ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷም… ወልዳለች።»

አንድ ድቡል ሰጠሁት። ገንዘቡን በሚቀጥለው ሳምንት አመጣልኝ፤ አንጥራው ወዳዋለች። የኔን ደንብ ሳልነግረው ጠበቀ። ጉቦ እንዳይመስላችሁ። ሊሆን ይችል ነበር ግን፣ እሱም ያናድደኛል፤ መመሪያው ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ንጹሕ ነገርና ቆሻሻ ነገር አንድ መልክ ያዙ።

የሞራዋ ሴትዮ እስከ ዓመቱ ድረስ በማኅተሟ ሸጠች። ምን እንደሆነች አላውቅም። እሷን የሚጠይቅ ኬላ አልነበረም።

ዘመኑ ሄደ። ኬላው ተነሣ፣ ወረቀቱም ከግድግዳው ተገነጠለ። እንደ ገና በሩን አንኳኩቼ ገባሁ፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ሠራሁ። ተሸነፍኩ አልልም። ግን ይኼን ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ናት። ሰው ልኬ ከደብረ ሲና ቅቤ አስመጣሁ፣ ኮባውን በእጄ ጠቀለልኩት። በመንገድ ሚኒባሱን ፖሊሶች አስቆሙት፤ ሌላ ነገር ፈልገው ነው፣ ከኔ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ቅርጫቴን አየና በትሕትና ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው ልጄ። አራስ ልጠይቅ።»

እውነቴን ነበር። ልጅቷ አለች፣ ሕፃኗም አለች፣ ስሟን እንኳ አውጥቼላታለሁ። ግን እንደ ዋሸሁ ሁሉ ላብ በግንባሬ ወረደ። ፖሊሱ «አይዞዎት፣ ሙቀት ነው» ብሎ መስኮቱን ከፈተልኝ።